ክፍት የሥራ መደብ፦ ጣሪያ

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ ሙቀት በደብዳቤ ተሰርዞ አየሁ።

የምንኖረው ቆላ ነው፤ አዋሽ ዳር። ግንቦትና ሰኔ ላይ የብረት በር በባዶ እጅ የማይነካበት አገር ነው። በሕልሜም ፀሐይዋ ያችው ፀሐይ ነበረች፤ ምንም አልቀነሰችም። ቀበሌው ደጃፍ ላይ ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ጽሑፍ ሳገኝ ጣቴን እያስቀደምኩ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። በሕልሜ ፊደሎቹ ራሳቸው ቀስ ብለው እየመጡ ፊቴ ይሰለፉ ነበር። እንዲህም ይሉ ነበር፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከተማችን ብርዳማ መሆኗ ተወስኗል። ነዋሪዎች ወፍራም ልብስ በመልበስ እንዲተባበሩ እናሳስባለን።»

ሰውም ተባብሮ ነበር። ሐብሐብ ሻጮቹ ካፖርት ለብሰዋል። ባጃጅ ነጂው ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ መሪውን በጓንት ጨብጧል። ላባቸው ጫማቸው ውስጥ ገብቶ ሲራመዱ ጭቅ ጭቅ ይላል። ሲገናኙ ግን «ወይ ይሄ ብርድ! አጥንት ድረስ ገባ እኮ!» እየተባባሉ እጃቸውን ያፋትጋሉ።

እኔ ልጄን ሲፈንን ወደ ትምህርት ቤት እየወሰድኳት ነበር። ሲፈን ሁለተኛ ክፍል ናት። በእውኑም ዓለም ክፍሏ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ረፋዱ ላይ ይነስራታል። አንድ ቀን ራሷን ስታ ተሸክመው አምጥተውልኛል፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ከደጅ አይነሳም። ትናንት የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ቆርቆሮው ይነሳ የሚለው ላይ ሁላችንም ተስማማን። በምን ይተካ፣ በከባዱ ኮንክሪት ነው ወይስ ክብደቱ ቀላል በሆነው የሚለው ላይ ግን ተጨቃጭቀን ውሳኔውን ለጣሪያ መራጭ ኮሚቴው ትተን ተበተንን። ሕልሙ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አንድ ጋቢ የተከናነበ ፖሊስ አስቆመን።

«ይችን ልጅ ምን ሆና ነው የሚያልባት?»

«ሙቀት ነው ጌታዬ።»

«የቱ ሙቀት? የተሰረዘው?»

በዚህ መሐል የሲፈን አፍንጫ መድማት ጀመረ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየውና «ይሄ ደም የጀመረው ከደብዳቤው በፊት ነው በኋላ?» አለኝ።

«አሁን ነው እንጂ! እያዩት እኮ ነው።»

«ከደብዳቤው በኋላ ከሆነ አልደማም ማለት ነው። እለፉ። ጥረጊላት ግን፤ ሰው አይቶ እንዳይሳሳት።»

አለፍን። ወዲያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበርን። ግድግዳው አለ፣ ዴስኩ አለ፣ ሰሌዳው አለ። ምሰሶዎቹ ብቻ የሉም። በምሰሶዎቹ ቦታ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ቆመው ቆርቆሮውን በእጃቸው ወደ ላይ ይዘውታል። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ ተደርድሯል፤ ዙሪያውን የጣሪያ መራጭ ኮሚቴው በየወንበሩ ተቀምጧል። አንዱ አባል ወንበሩን ወደ ኋላ ባስጠጋ ቁጥር ከሥር የአንድ ልጅ ጉልበት እጥፍ ሲል አያለሁ።

ዳይሬክተሩ አቶ ልሳኑ በር ላይ ነበሩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ የሲፈን እናት። አረፈዳችሁ እኮ። አንዱ ጥግ ሰው የለውም።»

ሲፈንን ከእጄ ተቀብለው ጥግ ላይ አቆሟት። ክንዷን አንስተው ቆርቆሮውን አስያዟት።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ሕፃን ልጅ ናት!»

«ጊዜያዊ ነው። ጣሪያ ተመርጦ እስኪቀጠር ብቻ።»

«ቆርቆሮው ይፋጃል!»

«እሱ ታስቦበታል። ጠዋት በቀኝ፣ ከሰዓት በግራ እንዲይዙ መመሪያ ወጥቷል።»

«ኮሚቴው ታዲያ ለምን ላያቸው ላይ ተቀመጠ?»

«ለጉዳዩ ቅርብ ለመሆን ነዋ!» አሉኝ፤ በጥያቄዬ እያፈሩልኝ።

ልጄን ልጎትታት እጄን ስሰድ አቶ ልሳኑ ትከሻዬን ያዙኝ። «እንዳትነኪያት። አንድ ጥግ ከጎደለ ሁሉም ላይ ነው የሚወርደው።» እውነታቸውን ነበር። ከጎኗ የቆመችው የዴስክ ጓደኛዋ ሐያት ነበረች፤ ከሐያት ቀጥሎ ሌላ ልጅ፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ። ስለዚህ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚመረጠው ጣሪያ ልጄ የምትችለው እንዲሆን ማድረግ።

ወደ ኮሚቴው የሚያደርሰው መሰላል ወደ ታች የሚወርድ ነበር። ወረድኩና ላይ ደረስኩ።

ሰብሳቢው አቶ ሽመክት በማይክሮፎን ፈንታ ጭልፋ ይዘዋል። ከጎናቸው ኢንጂነሩ የሥራ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል፤ ለምን ቢሉት «እስካሁን የተመታሁት ጉልበቴን ነው» ይላል። አቶ ሽመክት ጉሮሯቸውን ጠራርገው በጭልፋው ተናገሩ።

«ክፍት የሥራ መደብ፦ ጣሪያ። ብዛት፦ አንድ። የሥራ ቦታ፦ ከልጆች በላይ። ተፈላጊ ችሎታ፦ ከላይ መቀመጥ የሚችልና ወደ ታች የማይመለከት። አመልካቾች ይግቡ!»

አመልካቾቹ ተሰልፈው ነበር። መጀመሪያ የሣር ክዳን ገባ፤ ሽማግሌ ነው፣ እየተራገፈ።

«አባባ፣ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል እኮ» አሉት።

«እኔ ቤት ውስጥ ልጅ ራሱን ስቶ አያውቅም።»

«ይኸው! ዘመናዊ አይደሉም የምንለው ለዚህ ነው። ይሸኙ።»

ቀጥሎ ቆርቆሮ ገባ። የገባው ተጠቅልሎ ነው፤ ወንበር ሲሰጡት እየተንኳኳ ተዘረጋ።

«ራስህን አስተዋውቅ።»

«የሚያውቀኝ አገር ነው። ከሰብሳቢው ጋር ዘመዳሞች ነን። ቀን እጠብሳለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ አስተማሪው የሚለው እንዳይሰማ አደርጋለሁ። ማታ በጣም ቀዝቃዛ ነኝ።»

«ማታ ልጆቹ አሉ?»

«የሉም።»

«ግልጽነቱ ደስ ይላል» ተባባሉ። «ተጠባባቂ ሁን።»

ከዚያ ከባዱ ኮንክሪት ገባ። ከረባት አስሯል። ቦርጩ ከሱ በፊት ገብቶ ተቀመጠ፤ እሱ ተከትሎት ገባ። በተራመደ ቁጥር ከሥር ልጆቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አፈር ውስጥ ይገባሉ። ኮሚቴው በሙሉ ብድግ ብሎ ተቀበለው።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! የት የት ሠርተዋል?»

«ባንክ ላይ ሠርቻለሁ። ሆቴል ላይ ሠርቻለሁ። ትልልቅ ሰዎች ያለ እኔ አይተኙም።»

«ከፀሐይ ጋር ያለዎት ግንኙነት?»

«እጅግ መልካም ነው። ቀኑን ሙሉ የሰጠችኝን ሙቀት ቅንጣት አላባክንም፤ ሆዴ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲዝሉ፣ ያን ጊዜ ሳላጎድል እመልስላቸዋለሁ።»

«አያችሁ ታማኝነት!» አሉ አቶ ሽመክት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ክብደትዎስ?» ብዬ ጮኽኩ ከዳር።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከባዱ ኮንክሪት ፈገግ አለ። «የኔ እናት፣ ክብደቴን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። አይተው ነው የሚያምኑኝ።»

«ዋስ አለዎት?» አለ ኢንጂነሩ፤ ለወጉ ያህል። መቼም አገራችን ያለ ዋስ የሚቀጠር የለም፤ ዘበኛም ሆነ ገንዘብ ያዥ ዋስ ይጠራል። ከባዱ ኮንክሪት መልስ ሳይሰጥ አቶ ሽመክት ቀደሙት።

«ለእሳቸው ዋስ ምን ያደርጋል? ቢወድቁ ከሥር የሚከሳቸው ሰው አይተርፍ!»

ተጨበጨበ።

መጨረሻ ላይ ቀላሉ ኮንክሪት ገባ። ነፋስ ነው ያስገባው ማለት ይቻላል፤ እንዳይወስደው የጠረጴዛውን እግር ይዞ ቆመ። ግራጫ ነው፤ ሰውነቱ በሙሉ ቀዳዳ። ወንበር የሰጠው አልነበረም።

«ከየት ነህ?»

«ከዚሁ ነኝ። ከከተማው ኋላ ካለው ጋራ። ልጆች ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉት ድንጋይ አለ አይደል? ፑሚስ የሚሉት? ከሱና ከሲሚንቶ ነው የተሠራሁት።»

«የዚሁ ከተማ ልጅ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምንህን እናድንቅ?»

ኢንጂነሩ በብዕሩ ወጋ አደረገው። «ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ምንድን ነው?»

«አየር ነው። ሙቀት ወደ ታች ሊወርድ ሲል እዚያ ውስጥ መንገድ ይጠፋበታል። ልጆቹ ጋ ሳይደርስ ይመሻል።»

«አየር!» አሉ አቶ ሽመክት። «በወላጆች መዋጮ አየር እንግዛ? አየር እኮ በነፃ ሞልቷል!» እጃቸውን አወዛውዘው አሳዩ። እሳት የሆነ አየር ነበር ያወዛወዙት።

«እሺ ድክመትህን ንገረን» አለ ኢንጂነሩ።

ቀላሉ ኮንክሪት ቂሉ እውነቱን ነገራቸው። እኔ ከዳር ሆኜ ዝም በል፣ ዝም በል እያልኩ በዓይኔ ብለምነውም አላየኝም። «የከባዱን ያህል ጉልበት የለኝም» አለ። «ላዬ ላይ የውሃ ታንከርና ኮሚቴ ባይቀመጥብኝ እመርጣለሁ። ውሃም እጠጣለሁ። ላዬን በደንብ ካልለሰኑኝ፣ ውሃው የሚወርድበት ተዳፋት ካልሰጡኝ፣ ክረምት ላይ ጠጥቼ እከብዳለሁ። ነጭ ቀለም ብትቀቡኝ ደግሞ ፀሐይዋን ገና ከላይ ነው የምመልሳት።»

«ይጠጣል!» አለ አንዱ አባል።

«ራሱ አመነ! ይጠጣል!» አለ ሌላው።

«ጠጪ በልጆች ላይ እንሹም?» አሉ አቶ ሽመክት። «ለማንኛውም ሁለቱ ይፈተኑ። አዋሽ ይምጣ!»

አዋሽ በባልዲ መጣ። አዞው አብሮ መጣ፤ ከባልዲው ጎን በእግሩ እየሄደ፣ ካፖርት ለብሶ። ከባዱን ኮንክሪት ውሃው ውስጥ ጣሉት፤ ቀጥ ብሎ ወረደና ከታች ተጋደመ።

«አያችሁ? ቁም ነገረኛ ነው። እስከ ሥሩ ነው የሚሄደው።»

ቀላሉን ጣሉት። ተንሳፈፈ። ዙሪያውን አይቶ ፈገግ አለ፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ አይተን የምናውቅ እኛ ከዳር የተሰበሰብን የከተማው እናቶች አጨበጨብን።

«ላይ ላዩን ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ጥልቀት የለውም።»

በዚህ ጊዜ ከእግሬ ሥር ድምፅ ሰማሁ። ቆርቆሮው የድሮ የምስማር ቀዳዳ ነበረው። ተንበርክኬ ዓይኔን አስጠጋሁ። ቅንድቤ ተቃጠለ። በቀዳዳው የልጄን አናት፣ ሽሩባዋን፣ ወደ ላይ የተዘረጋች ትንሽ መዳፏን አየሁ።

«እማዬ፣ እጄ ደከመኝ።»

«ትንሽ ቻይ የኔ እናት። እየመረጥን ነው።»

«ቶሎ ምረጡ።»

ተነሳሁ። «እኔ ለቀላሉ ዋስ እሆናለሁ!» አልኩ።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«የሲፈን እናት።»

«ደመወዝተኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ቤት አለሽ?»

«የኪራይ።»

«ታዲያ በምንሽ ነው ዋስ የምትሆኚው?»

«ከሥሩ የቆመች ልጅ አለችኝ።»

ኮሚቴው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተገጣጥሞ ተንሾካሾከ። አቶ ሽመክት ቀና ሲሉ ፊታቸው በጣም አዝኖልኝ ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ የጥቅም ግጭት አለብሽ። ጣሪያው ቢወድቅ ትጎጃለሽ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገለልተኛ ሰው ነው፤ ቢወድቅም ምንም የማይመስለው። ደመወዝተኛ፣ ገለልተኛ ሰው ፈልገሽ አምጪ። እስከዚያ እንጠብቃለን፤ ልጆቹም ይጠብቃሉ።»

ቀላሉን ኮንክሪት ብብቴ ሥር ከትቼ ሮጥኩ። እንደ ትራስ ነበር የያዝኩት። ከተማው ተገልብጧል፤ ቤቶቹ በጣሪያቸው ቆመው በሮቹ ሰማይ ላይ ናቸው፤ ሰው ወደ ቤቱ ለመግባት ዘሎ ይወድቃል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ነጋዴዎች ጥላ በሜትር እየቆረጡ ይሸጣሉ፤ የሚገዛ የለም፤ «በዚህ ብርድ ጥላ ምን ያደርጋል?» ይላል ሰው፤ ያንን እያለ ግን ሻጩ ሳያየው ጠርዙ ላይ እግሩን ያስገባል።

ደመወዝተኛና ገለልተኛ ሰው ያለበትን ሳስብ ባንክ ትዝ አለኝ። ወዲያው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነበር። ከላዩ ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ አለ። በአራቱም ግድግዳ ማቀዝቀዣ ይጮኻል። ሥራ አስኪያጁ ሹራብ ለብሶ አፍንጫው ቀልቷል፤ በከተማው ውስጥ በእውነት የበረደው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይሄ ጣሪያ አያሞቅም?»

«በፍጹም! ማቀዝቀዣ ካለ ከባድ ኮንክሪት አያሞቅም።»

«ልጆቹ ማቀዝቀዣ የላቸውም።»

«ይግዙ። ምከሪያቸው እንጂ፤ ከልጅነት መልመድ አለባቸው።»

«መብራትም የላቸውም።»

«ታዲያ ማቀዝቀዣ ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ ተገርሞ።

ከሱ ጋር መከራከር ለልጄ ክንድ ዕረፍት አይሰጥም። ብብቴ ሥር ያለውን ኮንክሪት አሳየሁትና ዋስ እንዲሆነው ለመንኩት። አሰብ አደረገ።

«ከሥሩ የሚቆም ዘመድ አለኝ?»

«የለዎትም።»

«ቢወድቅ ግድ ይሰጠኛል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ብቁ ነኝ!» አለና ተነሳ። ደስ ብሎኝ በሩን ከፈትኩለት። ተመልሶ ተቀመጠ። «ግን ግድ ስለማይሰጠኝ አልመጣም።»

የዚህ ዓይነት ሰው በሕልም ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ።

ስመለስ ድምፅ አሰጣጡ ተጀምሯል። ዋስ ያጣው ቀላሉ ኮንክሪት ወደ ዳር ተገፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቢያንስ አልሸሸም። አቶ ሽመክት ጭልፋቸውን አነሱ።

«ከባዱ ኮንክሪት እንዲቀጠር የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ!»

ማንም አላወጣም። አባላቱ ሁሉ እጃቸውን ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተዋል፤ ብርድ ነው ተብሎ ተወስኗልና ማን ያወጣል? አንዱ ክርኑን ነቅነቅ አደረገ፤ እሱም ሊያክ ነው። ልቤ መለስ አለ። ውድቅ ሊሆን ነው ብዬ ቀላሉን ኮንክሪት በክርኔ ነካ አደረግሁት።

አቶ ሽመክት ግን በድንገት ጎንበስ አሉ። በምስማሩ ቀዳዳ ወደ ታች አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ሁለተኛ ክፍል በሙሉ እጁን አውጥቷል!»

«በሙሉ?» አለ ኢንጂነሩ።

«አንድም የቀረ የለም! አንዳንዶቹ እንዲያውም በሁለት እጅ!»

«ከልብ ሲሆን እንዲህ ነው» ተባባሉ።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ። «ልጆቹ እጅ አላወጡም! ጣሪያ ተሸክመው ነው! እናንተን ተሸክመው ነው!»

«እህቴ፣ እኛ የምንቆጥረው እጅ ነው። የመጣበትን ምክንያት አንቆጥርም።»

በሆዴ ተዘርግቼ አፌን ከቀዳዳው ገጠምኩ። «ሲፈን! ሲፈን! እጅሽን አውርጂ!»

«እማዬ፣ ካወረድኩት ሐያት ላይ ይወድቃል።»

አውርጂው ልበላት? የሐያትን አንገት ከዚያ ሆኜ አየዋለሁ፤ እንደ ወፍ አንገት የቀጠነ ነው። ዝም አልኩ። አቶ ሽመክት ዝምታዬን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያችሁ? እናት መክራ እንኳ አልመለሰቻቸውም። ጽኑ አቋም ነው።»

ከባዱ ኮንክሪት ከባልዲው ወጥቶ ኮቱን አውልቆ ለአዞው አስያዘ። ከረባቱን አላላ። ሊቀመጥ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚቀመጥ አላየሁም፤ ጨዋ ነው፣ ለሁሉም ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚቀመጠው። «ይቅርታ እናቴ፣ ልቀመጥ ነው። ይቅርታ ልጆች።»

መሰላሉን ወደ ላይ ወጣሁና መሬት ደረስኩ። በልጆቹ መሐል ተጋፍቼ ሲፈን አጠገብ ቆምኩ። ሁለት እጄን አንስቼ ቆርቆሮውን ያዝኩ። መዳፌ ጨሰ። የቻልኩትን ያህል ከሷ ላይ ወደ ራሴ ሳብኩት። ከላይ የጭልፋው ድምፅ መጣ።

«የሲፈን እናትም እጇን አውጥታለች! ያውም ሁለቱንም! ስትቃወም የነበረች ወላጅ ናት፤ አሁን ገብቷታል። በሙሉ ድምፅ አልፏል፤ ይጨብጨብ!»

ውጭ የነበረው ሕዝብ በጓንት አጨበጨበ። ምንም ድምፅ የለውም። ከባዱ ኮንክሪት ወረደ፤ ቆርቆሮው ወደ ግንባራችን ጎበጠ፤ ጉልበቴ ታጠፈ። ሲፈን አንገቷን ሰበር አድርጋ ከሥር አየችኝ።

«እማዬ፣ አንቺም እጅ አወጣሽ?» አለችኝ።

«የሲፈን እናት! ኧረ የሲፈን እናት! ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው!»

ነቃሁ። ፀሐይ ወጥታለች። በሩን የምትደበድበው ጎረቤቴ መዲና ናት፤ የሐያት እናት። ስከፍትላት እየሳቀች ነበር፤ መሳቋ ግን ደስ የሚል ዓይነት አልነበረም።

«ተወሰነ» አለችኝ። «ኮሚቴው ገና በማለዳ ተሰብስቦ ጨረሰ። ቀላሉ ኮንክሪት አለፈ።»

«ቀላሉ? በእውነት?»

«ወላሂ። የኛ ጋራ ድንጋይ ይሻላል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግድግዳውም ይችለዋል ብለው በሙሉ ድምፅ። ነጭም ይቀባል።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ተመስገን!» አልኩ። «መቼ ነው የሚጀምሩት?»

«ነገ።»

«ከየትኛው ክፍል?»

መዲና ሻርፗን አስተካከለች። «ከክፍል አይደለም የሚጀምሩት። ከስብሰባ አዳራሹ ነው።»

«ምን?»

«በዚህ ሙቀት ተቀምጠን ስለ ልጆቹ ሙቀት ማሰብ አልቻልንም አሉ። መጀመሪያ አዳራሹ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በሰከነ መንፈስ ስለ ክፍሎቹ ይወያያሉ።»

«ለክፍሎቹስ የሚተርፍ አለ?»

«እሱንም ነው የሚወያዩበት።»

ሲፈን ቦርሳዋን አንግታ ከኋላዬ ቆማለች። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታሁ፤ ባልዲው ውስጥ ነክሬ ሳልጨምቅ መልሼ አሰርኩላት። ውሃው በጆሮዋ ሥር ወረደ፤ ሳቀች።

«ሳይደርቅ ሂጂ» አልኳት።